ጀግናው የት ላይ ጠፋ?

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ታስታውሱ ይሆናል። ማክቤዝ ሲጀመር ክፉ ሰው አይደለም፤ የንጉሡን ጠላቶች ድል የነሣ፣ የተሾመ የጦር አለቃ ነው። ጠንቋዮቹም ንጉሥ ትሆናለህ አሉት እንጂ ግደል አላሉትም።

ብዙ ሰው «የሥልጣን ምኞት ዓይኑን ጋረደው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን አልተጋረደም እላለሁ። ንጉሥ ደንከን በእንግድነት ቤቱ ባደረበት ሌሊት፣ ዘመዴ ነው፣ ጌታዬ ነው፣ እንግዳዬ ነው፣ ደግ ሰው ነው እያለ ራሱ ቆጥሯል። እንዲያውም ሐሳቡን ትቶት ነበር። የመለሰው የሚስቱ ነገር ነው፤ ወንድነቱን ተጠራጠረችው። በጦር ሜዳ ያስመሰገነው ድፍረት የተኛ ሽማግሌ መግደያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማመንታቱ እያነሰ ሄደ። ወዳጁን ባንኮን ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር አስገደለ፤ የማክደፍን ሚስትና ልጆች ሲያስፈጅማ ለማሰብም ጊዜ አልወሰደ።

የቃቢልን ታሪክ ለምናውቅ ይህ እንግዳ አይደለም። ሱረቱል ማኢዳ እንደሚነግረን የወንድሙን ግድያ ያቀለለችለት የገዛ ነፍሱ ናት። ማክቤዝ ግን ከነፍሱ ሌላ የቤቱም ድምፅ አገዘው።

የእኛስ ቤት? ሽሮ ሜዳ ላይ የጥበብ ልብስ የሚነግድ አንድ አባት እናስብ። የሸሪኩን ድርሻ መንካት ይችላል፤ አልነካም። ማታ ጉለሌ ቤቱ ሲገባ «እከሌ ፎቅ ሠራ፤ አንተስ ወንድ አይደለህም?» ይባላል። ይህ ሰው ልጆቹ ፊት ስሙ ማን ነው፤ ፈሪ ወይስ ጎበዝ?