ልሂድ ወይስ ልቆይ?

አሶሳ ያላችሁ ወንድም እህቶቼ፣ በወለጋ በኩል ያለው መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ገበያው እንዴት እንደሚወደድ አይታችኋል። በመተከልና በካማሺም ስንቱ ከቀዬው ተፈናቀለ። «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» ብሎ መጠየቅ የኢማን ድክመት አይደለም።

በ615 ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተሰቃዩ ሰሓቦችን ወደ ሐበሻ ላኩ፤ እርሳቸው እስከ 622 መካ ቆዩ። የሄደም የቆየም አላህን ታዘዘ።

ስለዚህ ዲናችሁ ወይም ነፍሳችሁ አደጋ ላይ ከሆነ ውጡ፤ የአላህ ምድር ሰፊ ነው። የከበዳችሁ ኑሮው ብቻ ከሆነ ግን ቅድሚያ «እኔ ብሄድ እናቴን፣ ጎረቤቴን ማን ይደግፋል?» በሉ፤ ኢስቲኻራም ስገዱ።

ነቢያችን መካን ሲለቁ የሰው አማና እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ትተው ነው የወጡት። እናንተም ብትሄዱ የማንንም ሐቅ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ብትቆዩ ደግሞ ለአገሩ የሚጠቅም ሥራ ያዙ።

ጁመዓ ሙባረክ!