አረንጓዴው ውኃ ጠሃራ ከሆነ በርሜሉን ለምን እናጥባለን?



በጓሮ በርሜል የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ አልጌ አብቅሎ አረንጓዴ ቢሆን ውዱእ ይደረግበታል ወይ? ይህን የጠየቀችኝ እዚህ ስፕሪንግፊልድ ተወልዳ ያደገች የእህቴ ልጅ ናት። ፊቷን አጨማዳ ስትጠይቀኝ «አይሆንም» የሚለውን መልስ ለራሷ ሰጥታ ጨርሳ ነበር።

የዑለማኦቻችን መልስ ግን ሌላ ነው። ውኃ ብዙ በመቆሙ፣ በጭቃ፣ ወይም ዐረቦች ጡሕሉብ በሚሉት አልጌ መልኩ ቢለወጥ አጥሪነቱ አይነሳም። በ1277 ያለፉት ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) «ሚንሃጁ አጥ-ጣሊቢን» በተባለው የሻፊዒይ ፊቅህ መጽሐፋቸው ይህንኑ አስፍረዋል። ውኃን ከእነዚህ ነገሮች መጠበቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ነጃሳ ከገባበት ሕጉ ሌላ ነው፤ አልጌ ግን ነጃሳ አይደለም። አገር ቤት ከኩሬ ቀድተው ሲሰግዱ የኖሩ አያቶቻችሁ ሶላታቸው ትክክል ነበር። ፊት ማጨማደድ ሌላ፣ ዲን ሌላ ነው። እንዲያውም ይህን አለመለየት ነው ሰውን ወደ ወስዋስ የሚወስደው።

«ታዲያ ጠሃራ ከሆነ ለምን ታጥበዋለህ?» አለችኝ። ይህኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ፊቅሁ የነገረን ስለ ውኃው ነው። በርሜሉን ጓሮው ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ለጎረቤቱ ያለበትን ሐቅ ግን አላነሳለትም። በቨርጂኒያ በጋ ቀን በቀን የምትናከሰው ባለ ነጭ ጭረቷ የነብር ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ባለ የቆመ ውኃ ዳር ነው። ትንኝ ደግሞ አጥር አታውቅም። «ሐራም አይደለም» የሚለው መልስ ልጁ ለምትነከስበት ጎረቤት ምን ይጠቅመዋል? ብዙዎቻችን፣ በተለይ ወጣቶች፣ «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» ብለን መልሱን ስናገኝ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚጀመረው እላለሁ።

ማጠቡም የራሱ ጥያቄ አለው። የበረኪናውን እጣቢ ወዴት ትደፋዋለህ? ጎዳናው ዳር ወዳለው የዝናብ ውኃ መውረጃ ከደፋኸው ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። እኛ ሰፈር ወንዙ አኮቲንክ ነው፤ ከዚያ ፖቶማክ፣ ከዚያ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ። በርሜሌ ሲያብረቀርቅ የወንዙ ዓሣ ከተጎዳ ቆሻሻውን ከዓይኔ አራቅሁት እንጂ አላጠፋሁትም። ንጽህና ብለን የምንጠራው ብዙ ነገር እንዲህ ነው፤ ቤታችን ይጸዳል፣ የማናየው ሰው ይቀበለዋል።

ስለዚህ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። አረንጓዴውን ውኃ አላባክነውም፤ በአዲስ አበባ ፈረቃ እየጠበቀች ሮቶዋን የምትሞላ እናት ስንደፋው ብታየን ታዝናለች። ጎመኑና ቃሪያው ሥር አፈስሰዋለሁ። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽና ውኃ የነካው ሆምጣጤ ይበቃል። የሽቦ ብሩሽ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፤ አልጌውም ጭረቱ ውስጥ ይደበቃል። በረኪናና ሆምጣጤ ደግሞ በፍጹም አይቀላቀሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። እጣቢው ከወንዙም ከአትክልቱም ርቆ ሣር ላይ ይፈስሳል።

ዋናው ግን ክዳኑ ነው። አልጌ ያለ ብርሃን አያድግም፤ ነጣ ያለ ፕላስቲክ ብርሃን ያስገባል፣ ጥቁሩ ሮቶ ግን ይከለክላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማታ ዕቃችንን እንድንከድንና የውኃ አቁማዳችንን እንድናስር አዘውናል። እኔም በርሜሉን ጥቁር ሸራ አልብሼ አፉን በጥሩ ወንፊት ሸፈንሁት፤ ትንኝም አልገባም፣ አረንጓዴውም ቀነሰ። ውርጭ ሳይገባ ደግሞ ባዶ አድርጋችሁ ገልብጡት፤ በረዶ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል።