የተበተኑ ከዋክብት

በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌዎስ ልጅ ናት። (ያቺ «ኢትዮጵያ» የዛሬዋ ናት ብሎ መኩራት ግን አይቻልም፤ ታሪኩን ኢዮጴ ላይ የሚያደርጉ ጥንታውያን አሉ።) በስሟ የምትጠራው ጠመዝማዛ ጋላክሲ ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። በኅዳር ምሽት አዲስ አበባ ላይ ከአድማስ እስከ አናት ካለው መንገድ ከግማሽ በላይ ትወጣለች። ሴንት አልባንስ ላይ ግን በስተሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ብቅ ብላ ትመለሳለች፤ ያንኑም የሜልበርን መብራት ይውጠዋል።

ሐብል ቴሌስኮፕ ከ2010 እስከ 2013 የአንድሮሜዳን ሲሶ ያህል ፎቶ አንሥቶ 117 ሚሊዮን ከዋክብት ተለዩ። አብረው የተወለዱትን ክምችቶች ነቅሶ የማውጣቱ ሥራ በኢንተርኔት ለፈቃደኞች ተሰጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው ምስሎቹን መረመሩ፤ በ2015 የወጣው መዝገብ 2,753 ክምችቶችን ይዟል። ከዚያ የተገኘው ውጤት ግን ያስደነግጣል፤ በክምችት ታስሮ የሚቆየው ከተወለደው የከዋክብት ክብደት ከ4 እስከ 8 በመቶ ብቻ ነው። ከዋክብቱ ከጋዝ ደመና ይወለዳሉ፤ ብርሃናቸው ራሱ ያንን ጋዝ ይገፋዋል፤ ጋዙ ሲሄድ አንድ ላይ የያዛቸው ስበት ይላላና ይበተናሉ። ፀሐያችንም ከእንዲህ ዓይነት ክምችት ሳትወጣ አትቀርም፤ እህቶቿ የት እንዳሉ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።

ሴንት አልባንስ ውስጥ ከቬትናሞችና ከማልታዎች ጎን ኑሮ የጀመረ አበሻ ቤት ለመግዛት ወደ ሜልተን ወይም ወደ ታርኒት ሲሄድ፣ ከእድርም ሲቀር፣ «እገሌ ጠፋ» ይባላል። ወቀሳው ትክክል ነው? መቆየት በራሱ ምግባር አይደለም። ታስሮ የቀረው ኮከብ የቀረው ታማኝ ስለሆነ ሳይሆን የያዘው ክብደት ስለበቃው ነው፤ ከዘመድና ከሥራ አጠገብ ቤት የተገኘለትም እንዲሁ። ከክምችት የወጣው ኮከብ በዚያ መዝገብ ባይጻፍም አብዛኛውን የጋላክሲዋን ብርሃን የሚሰጡት እሱን የመሰሉት ናቸው። የሄደ ሁሉ ከዳ ማለት ስለዚህ ግፍ ነው።

ሆኖም ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይሰበራል። ኮከብ መመለስ አይችልም፤ ሲለያይም የሚያዝንለት የለም። ሰው ግን ከተበተነም በኋላ ስልክ አለው፤ ለቅሶ ሲሆን የሚጠራው ስም አለው። የሩቅ ቤት መግዛቱን ማንም ሊነቅፈው አይገባም። የጎረቤቱ እናት ሞታ ሰልስቱ እስኪያልፍ ያልመጣው ሰው ግን በርቀት ማመካኘቱ አያስኬድም፤ ከታርኒት ሴንት አልባንስ በመኪና የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ነው።