ዛፍ አለመቍረጥ ደንን መጠበቅ ነውን?

በደቡብ ጎንደር በእርሻ መካከል የሚጓዝ ሰው ከሩቅ ጠቍሮ የሚታይ ክብ ደን ባየ ጊዜ፣ ማንም ሳይነግረው በውስጡ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃል። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛውና ጥቍር እንጨቱ በዚያ ቀርተዋል። ያቈያቸውም የዘበኛ ብዛት ሳይሆን፣ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ምሳር አይነሣም የሚለው የአባቶች ሥርዐት ነው። ነገር ግን ምሳርን መከልከል ብቻውን ጥበቃ ይባላልን? ይህን ልንመረምር ወደድን።

ወደ ደኑ የገባ ሰው ዐይኑን ወደ ላይ ቢያነሣ ያደንቃል፤ ወደ ምድር ቢመለከት ግን በብዙው ስፍራ ችግኝ አያገኝም። ከብቱ ለሣርና ለጥላ ገብቶ፣ የበቀለውን ለጋ ገና ስንዝር ሳይሞላ ይግጠዋል፤ የቀረውንም በሰኰናው ይረግጠዋል። «ዘሩ ከአፈር ውስጥ ስላለ ጊዜው ሲደርስ ይበቅላል» የሚል ይኖር ይሆናል። ክፋቱም በዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በእነዚህ ደኖች አፈር ላይ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፣ ተቀብሮ የሚቈየው አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው፤ የዛፎቹ ዘር ከጥቂቶቹ በቀር ብዙ ዘመን አይቈይም። እንግዲህ እናቲቱ ዛፍ አርጅታ በወደቀች ጊዜ የሚተካት የለም፤ ደኑም ማንም ሳይቈርጠው ያልቃል። አንድ ትውልድም ጥፋቱን ሳያይ ያልፋል። (በባዶው ስፍራ ባሕር ዛፍ ተክሎ ደኑን ተካሁ የሚል አለ፤ ይህ ለማገዶና ለገቢ ይረዳ እንደ ሆነ እንጂ የዝግባን ቦታ አይሞላም።)

በኦሪት ዘፍጥረት ለአዳም የተሰጠው ሥራ መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ማበጀትም ነበረበት። እጅን ከክፉ መሰብሰብ ድካም የለበትምና ቀላሉ ክፍል ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ አንዳንድ አጥቢያዎች ከእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው ደናቸውን በካብ አጥረዋል፤ ማሳውም ለማረሻ ተመችቷል፤ ከብት በተከለከለበትም ችግኝ መታየት ጀምሯል።

ይሁን እንጂ ካቡ የሚዘጋው በማን ላይ ነው? በበጋ ሣር ሲጠፋ ላሙን ወዴት እንደሚያገባ በማያውቀው ድኻ ላይ ነው። ለእርሱ መልስ ሳይሰጡ በሩን መዝጋት፣ ለዛፍ ያዘነ መስሎ ለሰው መጨከን ይሆናል። ከደኑ ሣር አጭዶ ይወስድ ዘንድ ቢፈቀድለት የሚበጅ ይመስለናል። አጫጁ ግን ችግኙን ከሣሩ መለየት ይኖርበታል፤ ይህንንም ከብዙዎቻችን ይልቅ እረኛው ያውቀዋል።