ክብሪቱን አስቀምጪው

ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንቺ ግን የልጅሽን የሚጥል በሽታ ጎረቤት እንዳያውቅብሽ በር ቀርቅረሽ ክብሪት ስታሸቺው ከረምሽ። አልፈርድብሽም፤ ስናድግ ያየነው ይኸንኑ ነው። ሰው ሲወድቅ አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ ሌላው ማንኪያ ይዞ ይሮጣል፣ የቀረው አረፋው እንዳይነካው ይሸሻል። እኔ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ የጨረስኩ ሰው ነኝና እዚያ ራስ ቅል ውስጥ የሚሆነውን ልንገርሽ። ካወቅሽው ፍርሃቱም እፍረቱም ይቀልልሻል።

የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። አንዱ ሕዋስ ዝም ብሎ በተቀመጠበት እንኳ ኤሌክትሪክ ይዟል፤ ውስጡ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ያለ ነው። መልእክት ሲደርሰው በግድግዳው ላይ ያሉት ጥቃቅን በሮች ይከፈቱና ሶዲየም ይገባል፤ ያው በወጥሽ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። ወዲያው ፖታሲየም ይወጣና ነገሩ ወደነበረበት ይመለሳል። ይህ ሁሉ በሰከንድ አንድ ሺኛ ገደማ ያልቃል። ሕዋሱ ወይ ይተኩሳል ወይ አይተኩስም፤ ግማሽ ተኩስ የለውም። ምልክቱ የረጅሙ ጭራ ጫፍ ላይ ሲደርስ ኬሚካል ይረጫል። ኬሚካሉ ግሉታሜት ከሆነ ቀጣዩን ሕዋስ «ተኩስ» ይለዋል፣ ጋባ ከሆነ «ተው» ይለዋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ለሰው ያማረ ምክር ነው፤ ለነርቭ ሕዋሳት ግን ማበር መከራ ነው። አንጎል ሥራውን የሚሠራው እያንዳንዱ ሕዋስ በየፈርጁና በየተራው ሲተኩስ ነው። «ተው» ባዩ ሲደክም ወይም «ተኩስ» ባዩ ሲበረታ፣ እልፍ አእላፍ ሕዋሳት በአንድ ምት አብረው መተኮስ ይይዛሉ። የሚጥል በሽታ ይኸው ነው፤ የሚታሰረውም አንበሳ ልጅሽ ነው።

የበሽታው መልክ ከሰው ሰው የሚለያየው ተኩሱ በሚነሣበት ቦታ ምክንያት ነው። ሂውሊንግስ ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕመምተኞቹን ልብ ብሎ ሲመለከት፣ መንቀጥቀጡ ከአውራ ጣት ተነሥቶ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ፊት ሲዘልቅ አየ። እጅም ክንድም ፊትም አንጎል ላይ የየራሳቸው ስፍራ እንዳላቸው የተረዳው ከዚህ ነው፤ ያውም ራስ ቅል ሳይከፍት። ቀኝ እጅ ቀድሞ ከተንቀጠቀጠ ነገሩ የተነሣው ከግራው አንጎል ነው። ከጆሮ አጠገብ ባለው ክፍል ሲነሣ ሰውየው የሌለ ሽታ ይሸተዋል፣ ረግጦት የማያውቀውን ቦታ «አውቀዋለሁ» ይላል። ስንቱን በዚህ ሽታ የተነሣ ዛር አለበት ብለን አስጨነቅነው! አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይወድቅም፤ ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ ይቀርና መምህሩ «አታዳምጥም» ብሎ ይቆነጥጠዋል።

አሁን ወደ ክብሪትሽ። አብዛኛው መንፈራገጥ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ ክብሪቱ የሚመሰገነው በራሱ ላለቀ ነገር ነው። አረፋውም ምራቅ ነው፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። በዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም፤ ይጋባል እየተባለ ምድጃ ላይ የወደቀ ሰው የሚያነሣው አጥቶ ተቃጥሏል። ልጁ ሲወድቅ ከእሳትና ከውሃ አርቂው፣ ነጠላሽን አጥፈሽ ከራሱ ሥር አድርጊ፣ በጎኑ አስተኚው። አፉ ውስጥ ምንም ነገር አታስገቢ፤ እጅና እግሩንም ጨምድደሽ አትያዢ። ሰዓት ተመልከቺ፤ 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ።

መድኃኒት አለው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ኪኒን ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ ኖሯል። ሥራው ጋባን ማገዝ ነው፤ «ተው» ባዩን ያበረታዋል። ሐኪሙ ሌላም ሊያዝ ይችላል። ሲጀምር እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ይሆናል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የሚያስመርሩኝስ ሁለት ሦስት ወር ሳይጥለው ሲቆይ «ድኗል» ብለው ኪኒኑን የሚጥሉ ወላጆች ናቸው። በድንገት ማቆም ማባሪያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ይገድላል። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥለው ከቆየ፣ ይቀነስ አይቀነስ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአግባቡ ቢታከሙ ከመቶው 70 ያህሉ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ጸበሉንም አልከለክልሽም፤ ውሰጂው፣ ግን ኪኒኑን ሳታቋርጪ። ወደ ወንዝም ብቻውን አይውረድ፤ ውሃ ውስጥ ሊጥለው ይችላል።

ሰው ምን ይለኛል አትበዪ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሸሸግሽውን ሰፈሩ ካወቀው ቆይቷል። ለመምህሩ ንገሪው፤ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ የሚያደርገውን ይወቅ። ሐኪሙም ቢሆን አብዛኛውን የሚረዳው ካየው ሰው አፍ ነውና፣ ሲጀምረው የትኛው እጅ እንደሚቀድም፣ ዓይኑ ወዴት እንደሚዞር ልብ በዪ፤ አባቱ አጠገብሽ ካለ በስልኩ ይቅረጸው። ሰኞ ጠዋት ሦስታችሁም ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ።