አገሩ ታሞ እኔን ማን ይሰማል?

እትዬን የማውቃቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ቤታቸው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከጣና ዳር ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ከጀልባ የወረደ ቀረሶ ገዝተው፣ አጽድተውና ጠብሰው እየሸጡ አራት ልጆች አሳድገዋል። በሰፈሩ የታመመ የሚጠይቁት፣ የወለደች የሚያርሱት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ራሱ ሲታመም ማን እንደሚጠይቀው አስቤ አላውቅም።

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ገላቸውን ሲታጠቡ ግራ ጡታቸው ላይ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር ዳሰሱ። አታምም፣ አትቆጠቁጥም። ለማንም አልተናገሩም። ሐኪም ቤት የሄዱት በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሽምብራዋ ሎሚ አክላለች፤ ብብታቸው ሥርም ሌላ እብጠት ወጥቷል። ሐኪሙ «እናቴ፣ መቼ ጀመረዎት?» ሲላቸው ምን ብለው መለሱ መሰላችሁ? «በበሽታው ጊዜ።»

ይህች መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። በዚያ ዓመት «በሽታው» ከተባለ ኮሮና ነው። የቀረው ሕመም ሁሉ ስሙን የተቀማ ይመስል ነበር። እትዬ ሰውነታቸው ውስጥ የሚያድገውን ነገር ቀኑን የቆጠሩት በሌላ በሽታ ነው። የራሳቸውን ግን ገና በሽታ አላሉትም።

«ለምን ዝም አሉ እትዬ?» አልኳቸው በኋላ።

«አይ ልጄ፣ አገሩ ሁሉ ታሞ እኔን ማን ይሰማል? ለአንዲት እብጠት ብዬ ሐኪም ላስቸግር?»

እስኪ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ደግነት ነው ወይስ ጥፋት? ብዙዎቻችን «ምስኪን፣ ለሰው አሳቢ» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የራስህን እንጀራ ለተራበ ብትሰጥ፣ አንተ ጾምህን ብታድርም የበላ ሰው አለ። እትዬ ተራቸውን ሲለቁ ተራውን ያገኘው ማነው? ለማን ተረፈ? ተቀባይ የሌለው መሥዋዕት መሥዋዕት ይባላል ወይ?

ፍርድ ለመስጠት አልቸኩልም። ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። መጋቢት 22 ቀን ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልሉ በተወሰኑ ከተሞች እንቅስቃሴ ለ14 ቀናት ተገደበ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ሰው እንዲጭን ተባለ፤ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ምእመናን ከየቤታቸው ሆነው ያሳለፉት ነው። ይህ ሁሉ ከንቱ ነበር የሚል ካለ እሱ ያንን ፍርሃት ረስቶታል። ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ የሚያስፈራ ነበር፤ ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው። እቤቱ የቆየ ሰው ሁሉ ለሌላው ትንሽ ትንሽ ጠቅሟል። ስለዚህ የእትዬ ዝምታ ፈጽሞ ተቀባይ አልነበረውም ማለት አልችልም።

ነገር ግን መሥዋዕት የሚመዘን ነገር ነው። ለመመዘን ደግሞ የሁለቱን ወገን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሐኪም ቤት ባይሄድ የሚያጣው ጥቂት ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ዘጠኝ ወር ብትቆይ ግን የምታጣው ሕይወቷን ሊሆን ይችላል። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር የሆነውን ካልሆነው የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ትዕግሥት አይደለም። መጀመሪያ ላይ አለማመሙም ማታለያው እንጂ ምሕረቱ አይደለም። ይህን ለእትዬ የነገራቸው አልነበረም። «ከቤት አትውጡ» የሚለውን ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና በየመንገዱ ነግሯቸዋል። «እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ግን ውጡ» የሚለውን የነገራቸው የለም። ሚዛኑን ሳንሰጣቸው «ለምን በትክክል አልመዘኑም?» ብለን የምንጠይቅበት ድፍረት ከወዴት ይመጣል?

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር የጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራው ለወራት ተቋርጦ ነበር። የአገሪቱ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ሐምሌ ባወጡት ግምት፣ ምርመራው በመዘግየቱ በጡት ካንሰር የሚሞቱት ቁጥር በአምስት ዓመት ውስጥ ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ሊጨምር ይችላል ብለዋል። እነሱ ያቆሙትን ያውቃሉ፤ መሣሪያ ነው፣ ቀጠሮ ነው፣ ደብዳቤ ነው። እኛ ምን ነበረንና አቆምን? አገር አቀፍ የማሞግራም ምርመራ እንደሆነ ኖሮን አያውቅም። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቃው ካንሰር ሁሉ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ከታማሚዎቹም አብዛኞቹ ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ይህ ከኮሮና በፊትም እንዲሁ ነበር።

እኛ ያቆምነው ሌላ ነገር ነው፤ ቡና ነው ያቆምነው። አትሳቁ። በእኛ አገር አንዲት ሴት ጡቷ ላይ ያገኘችውን ነገር መጀመሪያ የምትናገረው ለሐኪም አይደለም። ሦስተኛው ስኒ ላይ ወንዶቹ ወጣ ሲሉ ለጎረቤቷ ሹክ ትላለች። ጎረቤቷም «የእገሊትም እንዲሁ ጀምሯት ነበር፤ ነገ አብረን እንሄዳለን» ትላታለች። ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከዚያ ረከቦት ሥር ነው። አራት ሰው አንድ ላይ እንዳይሰበሰብ ሲከለከል፣ የማኅበሩ ዝክር ሲቀር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጅ ላይ ቆማ ስለ እጅ መታጠብ ብቻ ስታወራ፣ ያ መንገድ ተዘጋ። ማንም መዝጋቱን ሳያውቅ ተዘጋ።

ሁለተኛው የሚከነክነኝ ነገር ቆጠራው ነው። ያን ጊዜ የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ቁጥር ይነግሩን ነበር፤ ይህን ያህል ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ይህን ያህል አረፈ። በኢትዮጵያ በኮሮና መሞታቸው የተመዘገበው ከ7,500 በላይ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር። በዚያው ጊዜ ዝም ብለው እቤታቸው የቆዩትን ግን የሚቆጥር አልነበረም። ሳይታወቅ ያደገን እብጠት በምን ይቆጥሩታል? ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ ጥፋተኛም፣ ሐዘንተኛም የለውም። አያቶቻችን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን እንድናስታውስ አድርገውናል። ብዙ ሰው በአንዴ የገደለ በሽታ ጢስ ይጨስለታል። ቀስ ብሎ የገደለስ?

«ያ ዘመን አለፈ» የሚለኝ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የኮሮናን አስቸኳይነት አንስቷል። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ክልላችን በሌላ አዋጅ ሥር ገባ፤ መንገድ በተኩስና በፍተሻ እየተዘጋ ከቀበሌ ወደ ከተማ መምጣት እንደገና የሚፈራ ነገር ሆነ። ምክንያቱ ሲለዋወጥ «አሁን ጊዜው አይደለም» የሚለው ቃል አልተለወጠም። ይኸው የጤና ድርጅት አንዲት ሴት ለሕክምና ከቀረበች በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅላት ይመክራል። እብጠት ወረርሽኝም ጦርነትም አያውቅም፤ ቀኑን ብቻ ይቆጥራል።

ባሕር ዳር ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን። ሁለቱም በወንዝ ስም ተጠርተዋል። ወንዝ እንደሆነ ቤት ለቤት አይዞርም፤ ወደ ውኃው የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል።

እትዬ በግንቦት 2014 ዓ.ም. አረፉ። ለቅሶው ላይ ስንቶቻችን እንደነበርን ባይ እፍረት ያዘኝ። በዚያ መጋቢት ሁላችንም በደጃቸው እያለፍን፣ ከሩቅ በክርናችን ሰላም እያልን «ደኅና ነዎት?» ብለናቸዋል። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለዋል። ደኅና ነን ከማለት ሌላ መልስ የማያስተናግድ ሰላምታ ነው ያለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ልክ ነው። ግን እኮ ለመደበቅም ለመናገርም መጀመሪያ የሚጠይቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ቡና የምትጠጡ እናቶችና እኅቶች፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጠብቁ።