ለሞተ ሰው የሚመለስ ክብር

የድሮ የአሜሪካ ፉትቦል ካርድ የሚሰበስቡ ወዳጆቼ፣ «እ.ኤ.አ. የ1957ቱን የካርድ አሳታሚው የቶፕስን ስብስብ ያዝ» ይሉኛል። የጆኒ ዩናይተስና የባርት ስታር የመጀመሪያ ካርዶች ያሉት እዚያ ነው፤ ገዢ አያጣም። እኔ ግን የ1955ቱን «ኦል አሜሪካን» መርጫለሁ። 100 ካርድ ነው፤ ሁሉም በኮሌጅ ዘመናቸው ስመ ጥር የነበሩ ናቸው። ባለቀለሙ የተጫዋች ምስል ከጥቁርና ነጭ የጨዋታ ፎቶ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ያስመረጠኝ በውስጡ ያለው ጂም ቶርፕ ነው። በ1912 የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ላይ ሁለት ወርቅ አገኘ። ቀደም ሲል ለጥቂት ገንዘብ ቤዝቦል ተጫውተሃል ተብሎ በዓመቱ ተነጠቀ። በ1953 ሞተ። ካርዱ ሲታተም ክብሩ ገና አልተመለሰም ነበር፤ በ1982 በጋራ አሸናፊነት፣ በ2022 ደግሞ ለብቻው ተመለሰለት።

ታዲያ ክብሩ ማን ዘንድ ደረሰ? «ሙት ምን ይሰማል?» የሚለው ክርክር አይረታኝም። በደሉ የተፈጸመው በእሱ ላይ ነው፤ ተበዳዩ ስለሞተ ዕዳው የሌላ ሰው አይሆንም። ተዝካር ለምናወጣ ለእኛ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የቶርፕን ካርድ ጥጉ የተላጠ፣ መሃሉ የታጠፈም ቢሆን እገዛዋለሁ።